አክሲዮናችሁን ለማን ትሸጡታላችሁ?

አክሲዮን የሚገዛ ሰው ሁሉ «ትርፉ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ነገ ገንዘቤን ብፈልግ ለማን እሸጠዋለሁ?» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የአገራችን የአክሲዮን ታሪክ ደግሞ በአብዛኛው የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

በንጉሡ ዘመን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ገዥና ሻጭ የሚገናኙበት የአክሲዮን መገበያያ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችን፣ ኢንሹራንሶችንና ትልልቅ ፋብሪካዎችን ሲወርስ ያ ገበያም አብሮ ቀረ።

በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ ሲፈቀድ አክሲዮን ተመለሰ፤ ገበያው ግን አልተመለሰም። ሠላሳ ዓመት ያህል፣ መሸጥ የፈለገ ሰው ገዥ የሚያፈላልገው በዘመድ በወዳጅ ነበር። ለሕክምና ወይም ለልጅ ትምህርት ብር የቸገረው የተባለውን ዋጋ ተቀብሎ ይሄዳል።

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ። ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የገበያው መከፈት ብቻውን ያልተመዘገበ ኩባንያ አክሲዮን የያዘውን ሰው ከችግሩ አያወጣውም። የተመዘገበውም ቢሆን ገዥ ከሌለው ዋጋው ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ ኩባንያው ገበያው ላይ ተመዝግቧል? የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ያጸደቀው የደንበኛ ሳቢ መግለጫ አለው? የሚያገበያያችሁ ድርጅት ፈቃድ አለው? አክሲዮኑ በወር ስንት ጊዜ ይሸጣል?

ለእነዚህ መልስ የሌለው ሻጭ ስለ ትርፍ ቢያወራችሁ፣ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።