ከጎርጎራ እስከ ሰባራ ድልድይ

እስቴን ከሞጣ ለማገናኘት በዓባይ ላይ የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ባላገሩ ሰባራ ድልድይ ይለዋል። የጉዞ መጻሕፍት ግን «ሁለተኛው የፖርቱጋል ድልድይ» እያሉ ይጠሩታል። ይህ ስም ይገባው እንደሆነ ለመመርመር የሚሻ ሰው በመጀመሪያ ወደ ጣና ሰሜናዊ ዳር፣ ወደ ጎርጎራ ቢወርድ ይበጀዋል።

ጎርጎራ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ከእርሷ በስተምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ ዘልቆ በገባው ልሳነ ምድር ላይ ማርያም ግምብ የተባለው ፍርስራሽ ይገኛል፤ ይኸውም በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)፣ ኢየሱሳውያን ካህናት ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ክብ ጣሪያው ወድቋል። በጥርብ ድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው የአበባ ጌጥ ግን ፍርስራሹን እንኳ ያስከብረዋል።

ፖርቱጋሎች ከዚያ አስቀድሞ መጥተው ነበር። በ1541 ከክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ጋር ከገቡት አራት መቶ ያህል ነፍጠኞች መካከል ከጦርነቱ የተረፉት ብዙዎቹ በአገሩ ቀርተው ተጋቡ፤ ዘራቸውም ከሕዝቡ ጋር ተቀላቀለ። የግንብ ጥበብን ያመጡት ግን እነርሱ አይደሉም። ለሱስንዮስ በጎርጎራ ቤተ መንግሥት የሠራው ስመ ጥሩ ፔድሮ ፓኤዝ የእስፓኝ ሰው ነበር፤ ኖራ የሚወጣውን ድንጋይ ለይቶ ያሳየውም ከህንድ የመጣ ሰው እንደነበረ በዘመኑ ተጽፏል። እንግዲህ ሁሉን በአንድ «ፖርቱጋል» ስም መጠቅለል ስንፍና ነው።

ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ በመቀበሉ ምክንያት ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጀ፤ ልጁ ፋሲለደስም ካህናቱን አባረረ። ኖራቸውን ግን አላባረረም። ጎንደር በኖራ ተገነባች፤ የእስቴውም ድልድይ ካህናቱ ከተሰደዱ በኋላ፣ በዚሁ ንጉሥ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። ድንጋዩ ከዚያው ሸለቆ፣ የተሸከመውም የአገሬው ትከሻ ነው።

«ሰባራ» ያሰኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን የደረሰበት ጉዳት ነው፤ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር አንዱን ቅስት አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ በቆሙ ሰዎች ጉልበት እየተሳበ ይሻገር ነበር። በ2002 ክፍተቱ በብረት ተጠገነ፤ በ2005 ግን ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። በ2009 በአቅራቢያው የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።