ዐይን፣ ማግኔትና ቴርሞካፕል፦ ብረት የማጠንከር ጥበብ ከታሪክ አንጻር



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። የምድጃን ሙቀት በዲግሪ መለካት ባልተቻለበት ዘመን፣ ብረት የሚያጠነክሩ ሰዎች ትክክለኛውን ሙቀት በምን ያውቁ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በሴንት ፒተርስበርግ የኦቡኾቭ ፋብሪካ ከሚሠራቸው መድፎች አንዳንዶቹ ሲተኮሱ ይፈነዱ ነበር። ዲሚትሪ ቼርኖቭ የተባለ ወጣት መሐንዲስ ምክንያቱን ብረቱ በጋለበት መጠን ውስጥ ፈለገ። በ1868 ለሩሲያ የቴክኒክ ማኅበር ባቀረበው ጥናትም፣ ብረት ሲግል ውስጣዊ አቋሙ የሚለወጥባቸው ደረጃዎች እንዳሉ፣ ከመጀመሪያው ደረጃ በታች የጋለ ብረትም የቱንም ያህል በፍጥነት ቢቀዘቅዝ እንደማይጠነክር አስረዳ።

ልብ በሉ፤ ቼርኖቭ ደረጃዎቹን የለየው በዐይኑ፣ በጋለው ብረት ቀለም ነው። ይህ የቀጥቃጮች የዘመናት ዕውቀት ነበር። ዐይን ግን ወሰን አለው፤ በጥላ ውስጥ ደምቆ የሚታይ ብረት በፀሐይ ጠቁሮ ይታያል። ዜቤክ በ1821 ከሁለት የተለያዩ ብረቶች መጋጠሚያ ሙቀት ኤሌክትሪክ እንደሚያስገኝ አሳይቶ ነበር፤ በ1880ዎቹ ለ ሻተልየ ከፕላቲነምና ከሮዲየም ቅይጥ አስተማማኝ ቴርሞካፕል ሠራ። ኦስሞንድም በዚሁ መሣሪያ የቼርኖቭን ደረጃዎች በዲግሪ ለካ።

ዛሬ በጓሮው ትንሽ የፕሮፔን ምድጃ የሠራ ሰው የሚገጥመው ያው ችግር ነው። ከነበልባሉ ፊት ያለው ስፍራ ከሌላው ይልቅ ይግላል፤ ስለዚህ የጋዙን ግፊት ይቀንሳል፣ ብረቱንም በወፍራም ቧንቧ ውስጥ አስገብቶ ያግላል። 0.8 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ብረት አቋሙን መለወጥ የሚጀምረው በ727 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ንጹሕ ብረት ደግሞ በ770 ገደማ በማግኔት መሳቡን ያቆማል። ቴርሞካፕል የሌለው ሰው ማግኔት አልስብ እስኪል ጠብቆ፣ ጥቂት ጨምሮ አግሎ፣ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል።

እኔ የምከራከረው ይህን ነው፤ መሣሪያው የዐይንን ዕውቀት አልሻረውም፣ ቁጥር ሰጠው እንጂ። ቼርኖቭ በቀለም ያየውን ጽፎ ባያስቀምጥ ኖሮ ኦስሞንድ ምን ይለካ ነበር? በእኛ አገር ግን የዚህን ዕውቀት ባለቤቶች «ቡዳ» እያልን አራቅናቸው፤ ያዩትንም ሳንጽፍ ኖርን። ወናፉ ገና እየነፋ ሳለ ከባለ እጆቹ ፊት ተቀምጦ መጠየቅና መጻፍ የእናንተ የታሪክ ተማሪዎች ሥራ ነው።