ያዩትን የጻፉ ሐኪሞች

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ እሸጣለሁ። «የሥነ ልቦና መጽሐፍ አለህ?» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በወር ውስጥ ሀብታም፣ ደፋርና ተወዳጅ የሚያደርገውን ይፈልጋል፤ የቤት ኪራዬን የሚከፍልልኝ እሱ ስለሆነ አላማውም። ሌላው የሰው አእምሮ ነገር ግራ የገባው ነው። ለእሱ ከኋላ የማወጣለት ሌላ ወገን መጽሐፍ አለኝ፤ ሐኪም ከአንድ ታካሚ ጋር ዓመታት ተቀምጦ ያየውን የጻፈበት። ይህ ልማድ የራሱ ታሪክ አለው። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ላይ ሐኪሞቹ ራሳቸው ያፍሩበት ነበር ማለት ይቻላል። ሐኪሙ ፍሮይድ ከባልደረባው ከብሮየር ጋር በ1895 ስለ ሂስቴሪያ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ የታካሚዎቹ ታሪክ እንደ አጭር ልብ ወለድ መነበቡ አሳስቦታል። ቢያሳስበው አይፈረድበትም። ዊልሄልም ቩንት ላይፕዚግ ላይ ቤተ ሙከራውን በ1879 ከከፈተ ወዲህ፣ በሰዓትና በቁጥር ያልተለካ ነገር ከሳይንስ አይቆጠርም ተብሎ ነበር። ተመራማሪው ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እየሸመደደ፣ ምን ያህሉን በስንት ጊዜ እንደሚረሳ በራሱ ላይ ለክቶ በ1885 አሳተመ። ትልቅ ሥራ ነው፤ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ግን ሰውየው ሲሸመድድ ምን እንዳሰበ፣ ምን እንዳስመረረው ከሰንጠረዡ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙም።

ትረካንና ልኬትን ያስታረቀው በ1902 ካዛን የተወለደው የሥነ ልቦና ተመራማሪና ሐኪም አሌክሳንደር ሉሪያ ነው። በ1920ዎቹ ሞስኮ ውስጥ አንድ ጋዜጠኛ አለቃው ልኮት ወደ እሱ መጣ። አለቃው ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲያከፋፍል ይህ ሰው ብቻ ማስታወሻ አይዝም፤ ቆጣ ብሎ ቢጠይቀው የተባለውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ወጣለት። ስሙ ሰሎሞን ሼሬሼቭስኪ ይባላል። ሉሪያ 30 ቃል ሰጠው፣ 50 ሰጠው፣ 70 ሰጠው፤ ሁሉንም ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ደገመለት። ከዓመታት በኋላ ሳያስጠነቅቀው ቢጠይቀውም መለሰ።

ሰውየው የሰማውን ቃል ወደ ሥዕል ለውጦ በሚያውቀው የሞስኮ ጎዳና በየደጃፉ እያኖረ ያልፋል፤ ሲጠየቅ በሐሳቡ ያንኑ መንገድ ይሄድበታል። አንድ ጊዜ «እንቁላል» የሚለውን ዘለለ። ለምን ቢባል፣ ነጭ ግድግዳ ሥር አኑሬው ስለነበር ሳላየው አለፍኩ አለ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል። አልረሳም፤ አላየም።

ዳዊት በቃሉ የደገመ የቆሎ ተማሪ ይህን ስነግረው «ታዲያ ምኑ ይደንቃል?» ሊለኝ ይችላል። የሚደንቀውስ ሰውየው መርሳት አለመቻሉ ነው። መድረክ ላይ ትውስታውን እያሳየ ሲተዳደር የትናንቱ የቁጥር ሰሌዳ ከዛሬው ጋር ይምታታበት ጀመር። ሊረሳ የፈለገውን ወረቀት ላይ ጽፎ እስከ ማቃጠል ደረሰ፤ ቁጥሮቹ ግን ከከሰለው ወረቀት ላይ ይታዩት ነበር። ሉሪያ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ተከታትሎት ታሪኩን በ1968 በአንዲት ቀጭን መጽሐፍ አወጣው።

ሁለተኛው የሉሪያ መጽሐፍ ከዚህም ይከብዳል። ሌቭ ዛሴትስኪ ወጣት መኮንን ሳለ በመጋቢት 1943 በስሞሌንስክ በኩል ሲዋጋ ጭንቅላቱን በጥይት ተመታ። ከዚያ በኋላ የሚያየው ሁሉ ጎዶሎ ሆነ፤ በቀኙ ያለው ይሰወርበታል፣ የገዛ እግሩ የት እንዳለ ይጠፋዋል፣ ማንበብን ከፊደል ጀመረ። ፊደል በፊደል እያሰበ መጻፍ ሲያቅተው፣ እጅህን ከወረቀቱ ሳታነሣ ቃሉን ባንድ ጊዜ ጻፈው አሉት። ጻፈው! አእምሮው የጠፋበትን እጁ ያውቀው ነበር። የጻፈውን መልሶ ማንበብ ግን ጭንቅ ነው። እንዲህ እየሆነ ከ20 ዓመት በላይ ጽፎ 3,000 ገጽ ያህል ሞላ። በ1971 በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘው የታካሚው ቃል ነው፤ ሉሪያ የሚገባበት ለማስረዳት ነው። እንዲህ ያለ ትሕትና በሐኪም መጽሐፍ ብዙ አላየሁም።

ይኸው ሉሪያ በ1931 እና በ1932 ኡዝቤኪስታን ወርዶ ያልተማሩ ገበሬዎችን ይጠይቅ ነበር። በረዶ ባለበት ሰሜን ድብ ሁሉ ነጭ ከሆነ፣ በሰሜን ባለችው በእንዲህ ያለች ደሴት ድቡ ምን ዓይነት ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ የገበሬው መልስ እኔ የማውቀው ጥቁር ድብ ነው፣ ስላላየሁት አልናገርም የሚል ነበር። ሉሪያ ይህን የትምህርት አለመኖር ምልክት አድርጎ መዘገበው። እኔ ግን ይህ ገበሬ እኛ አገር ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ ቃሉ የሚታመን ምስክር ይሆን ነበር ባይ ነኝ። የጥናቱ መጽሐፍ እንኳ በሶቪየት የወጣው በ1974 ነው፤ አናሳ ብሔረሰቦችን ሰድቧል ተብሎ ተወቅሶ ነበርና።

የሉሪያን ፈለግ የተከተለው ሐኪም ኦሊቨር ሳክስ የሼሬሼቭስኪን ታሪክ ሲጀምር ልብ ወለድ መስሎት ሠላሳ ገጽ ያህል እንደ ተጓዘ ተናግሯል። እሱም በብሮንክስ ሆስፒታል ለዓመታት ደንዝዘው የኖሩ ታካሚዎቹን ታሪክ በ1973፣ ሚስቱን ባርኔጣ መስላው የያዛትን ሰው ታሪክ ደግሞ በ1985 ጻፈ። የሳክስ ብዕር ይጥማል፤ አንዳንዴ ከታካሚው ይልቅ ሳክስን አያለሁ እንጂ።

የሼሬሼቭስኪ ተቃራኒ አሜሪካዊው ሄንሪ ሞላይሰን ነው። በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ የሚጥል በሽታውን ለመፈወስ ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ጥቂት ክፍል ቆርጠው አወጡለት፤ ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር አልያዝ አለው። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት ብቻ እያየ ኮከብ እንዲሥል ስታደርገው ከቀን ወደ ቀን እጁ ተካነ፤ እሱ ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያዬ ነው ባይ ነበር። ስሙ በ2008 እስኪሞት በሁለት ፊደል ተሰውሮ ቆይቷል። ለዓመታት ያጠናችው ሱዛን ኮርኪን ታሪኩን በ2013 ጽፋዋለች፤ ደረቅ ያለ፣ ግን ብዙ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው።

የሚጠይቀኝን ሰው በዛሴትስኪ ጀምር፣ ከዚያ ሼሬሼቭስኪን፣ ሳክስን ኋላ አንብብ እለዋለሁ። ለአገራችን የአእምሮ ሐኪሞችና ነርሶችም ልመና አለኝ። ዕድሜያችሁን ሙሉ ከታካሚ ጋር ተቀምጣችኋል። ታካሚው ፈቅዶ፣ ስሙ ተሰውሮ፣ ያያችሁትን በአማርኛ ጻፉልን፤ መሸጡን ለእኔ ተዉት።