አዞው የሚያጠናው መልካ

ዓባይ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ከብቦታል። ከብቸና ወደ ወሎ፣ ከሞጣም ወደ ጎንደር የሚሄድ ነጋዴ ደጋውን ለቆ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ግዴታው ነበር። ታች ደግሞ ሙቀቱ፣ ወባውና አዞው አሉ።

ጣና ሐይቅ ላይ አዞ የለም። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ባለው ቆላ ግን ወንዙ የእሱ ነው። ስለ መንጋጋው ብዙ ይወራል እንጂ ትልቁ ኃይሉ ትዕግሥቱ ነው። አያሳድድም፣ ያደባል። ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ፣ ወይም ጨርሶ ሰጥሞ ይጠብቃል። ከብት የሚጠጣበትን፣ ሴቶች እንስራ የሚሞሉበትን፣ መንገደኛ የሚሻገርበትን ቦታ ያጠናል። ለሰው የተመቸው መልካ ለአዞውም የተመቸ ማድፈጫ ነው ማለት ነው። እናም «ትናንት ተሻግሬ ምን ሆንኩ?» የሚለው ሰው ነገሩን ገልብጦታል፤ ትናንት መሻገሩን አዞውም አይቶ ሊሆን ይችላል።

በ1958 ዓ.ም. ጋምቤላ ላይ ባሮ ወንዝ ውስጥ የዋኘ አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በአዞ ተበልቷል። ውሃው ጸጥ ማለቱ አዞ የለም ማለት አይደለም።

የድሮ መንገደኞች ይህን ያውቁ ነበር። ተጠባብቀው፣ በአንድነት እየጮኹና ድንጋይ እየወረወሩ ይገቡ ነበር። ጀብዱ አይደለም፣ ዘዴ ነው፤ አዞ ነጠል ያለውን ይመርጣልና።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፈው ድልድይ ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የሞጣው ድልድይ ግን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ ተሰበረ፤ ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ በቆሙ ወንዶች እየተጎተተ ክፍተቱን ተሻገረ። ነፃነት ያስከፈለውን ዋጋ ገበያተኛው በየሳምንቱ ይከፍል ነበር ማለት ይቻላል። ኋላ ድልድዩ ተጠገነ፣ ጎርፍ ወሰደው፣ በመጨረሻም ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ድልድይ መንገደኛውን ከውሃው አወጣው፤ ውሃ ቀጂዋን ግን አላወጣትም። ለእሷ የሚበጃት የድሮው ብልሃት ነው፦ ብቻዋን አለመውረድ፣ የመቅጃውን ቦታ መለዋወጥ፣ ዳር ላይ ጎንበስ ብሎ አለመቆየት፣ ክረምት ውሃው ሲደፈርስና ሲመሽ ደግሞ ጨርሶ ከዳሩ መራቅ። አዞው ልማድ ያጠናል፤ ልማዷን ካላገኘ ይቸገራል።