በአዘዞ የተቀበረው ንጉሥ

ከጐንደር ተነሥቶ ወደ ጠዳ የሚወርድ መንገደኛ በአዘዞ ያልፋል። በዚያ በገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ሱስንዮስ ተቀብረዋል። ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለቀው ያረፉበትን ምክንያት መመርመር ለዛሬ ሰውም ይጠቅማል።

ንጉሡ ወደ ሮማ ሃይማኖት ያዘነበሉት በኢየሱሳውያን ስብከት ብቻ አልነበረም፤ ከፖርቱጋል የጦር ርዳታ ለማግኘትም ተስፋ አድርገው ነበር። ክፍፍሉ ግን ከገዛ ቤታቸው ጀመረ። በ1609 ዓ.ም. አቡነ ስምዖንና የንጉሡ አማች ዮልዮስ በተቃውሞ ተነሥተው በጦርነት ሞቱ፤ የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ደግሞ የካቶሊክ ዋና ደጋፊ ሆኑ።

በ1614 ዓ.ም. ሱስንዮስ አዲሱን እምነታቸውን በግልጽ አስታወቁ፤ በ1618 ዓ.ም. በደንቀዝ ለሮማው ጳጳስ ታዛዥነታቸውን በመሐላ አጸኑ። ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም እንደ ገና እንዲሾሙ ባዘዙ ጊዜ የመኳንንቱ ጠብ የገበሬው ኹሉ ጉዳይ ሆነ። በላስታ መልክአ ክርስቶስ ሸፈቱ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ስምንት ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ድሉ የንጉሡ ነበረ፤ የወደቀው ግን የገዛ ሕዝባቸው ነበረ። ብዙም ሳይቈዩ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለፋሲለደስ ለቀቁ።

በዚያው ዘመን በአውሮፓም ካቶሊክና ፕሮቴስታንት 30 ዓመት ሙሉ ይተላለቁ ነበር።

ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን አስወጥተው በ1628 ዓ.ም. ጐንደርን ቈረቈሩ። ይሁን እንጂ የቅባትና የተዋሕዶ ክርክር ቀርቶ፥ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በፊት አገሩን ለብዙ ዘመን ከፈለ። እንግዳውን ማስወጣት ይቻላል፤ በወንድማማች መካከል የገባውን ጥርጥር ማስወጣት ግን የትውልዶች ሥራ ነው።