የእሳት ዳር የውሎ አበል

እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 1910 አይዳሆ ውስጥ፣ ዋላስ ከተማ አጠገብ፣ ኤድ ፑላስኪ የሚባል የደን ጠባቂ አርባ አምስት ያህል ሰዎቹን እየመራ ከሰደድ እሳት ሊያስጥላቸው አሮጌ የማዕድን ዋሻ ውስጥ ከተታቸው። እሳት ለማጥፋት በሰዓት 25 ሳንቲም የሚከፈላቸው ሰዎች ነበሩ። የዋሻውን አፍ በእርጥብ ብርድ ልብስ ጋረደ፤ ብርድ ልብሱ ሲቀጣጠል በባርኔጣው ውኃ እየቀዳ ረጨበት፤ ሸሽቶ ሊወጣ የሞከረውን ሽጉጥ መዞ መለሰ። ሲነጋ ጥቂቶቹ ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ አብዛኞቹ ግን በሕይወት ወጡ። እሱ ዓይኑም ሳንባውም ተጎዳ። በሁለት ቀን ሦስት ሚሊዮን ኤከር የበላው ያ ሰደድ እሳት ቢያንስ 85 ሰው ፈጅቷል፤ 78ቱ ሊያጠፉት የወጡ ነበሩ። ለፑላስኪ ጉዳት መንግሥት ካሣ አልከፈለም። በስሙ የሚጠራው፣ በአንድ እጀታ መጥረቢያና ዶማ የያዘው መሣሪያ ግን ዛሬም ከእሳት አጥፊዎች እጅ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የእሳት አጥፊዎቹን ሥራ በሰዓት ሲሰፍር ኖሯል። የአደጋ አበሉ የደመወዙ 25 በመቶ ነው፤ የሚታሰበውም እሳቱ በቁጥጥር ሥር እስኪውል ብቻ። ጫካው አስቀድሞ እንዲሳሳ ራሳቸው የሚለኩሱት እሳት አይቆጠርም፤ ጭሱ ግን ያው ጭስ ነው። ሰዎቹ እስከ 14 ቀን በተከታታይ፣ በቀን 16 ሰዓት ይሠራሉ። የቀረችውን ስምንት ሰዓት ከቤታቸው ርቀው፣ አመድ በሚዘንብበት ሰፈር፣ መሬት ላይ ይተኛሉ። ያቺ ሌሊት ለረጅም ጊዜ በደመወዝ ወረቀታቸው ላይ አልነበረችም። ስማቸው እንኳ ለረጅም ዘመን «የደን ቴክኒሺያን» ነበር፤ በሙያቸው የሚጠራ የሥራ መደብ የወጣላቸው በ2022 ነው። ስም የነሱትን ሰው ደመወዝ መንሳት አይከብድም።

ይህ ሁሉ የሒሳብ ጉዳይ የሚመስለው ሰው ካለ፣ አሪዞና ውስጥ ያርኔል ሂል ላይ የሆነውን ያስብ። ጁን 30 ቀን 2013 የፕሬስኮት ከተማ ቡድን አባላት የሆኑ 19 እሳት አጥፊዎች አንድ ቦታ ላይ ተቃጥለው ሞቱ። ስድስቱ ቋሚ ሠራተኞች፣ አሥራ ሦስቱ የወቅት ቅጥር ነበሩ። የስድስቱ ቤተሰቦች ሙሉ ጥቅማ ጥቅም ሲጠበቅላቸው የቀሩት መብታቸውን ለማስከበር መሟገት ነበረባቸው። እሳቱ የቅጥር ደብዳቤ አልጠየቀም።

በ2021 ኮንግረስ ጊዜያዊ ጭማሪ ፈቀደ፦ የደመወዙን ግማሽ ወይም በዓመት 20,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ያነሰውን። በዚያው ዓመት ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በፓራሹት ሲወርድ ተጎድቶ በሞተው በቲም ሃርት ስም የተሰየመ ረቂቅ ሕግም ቀረበ። ረቂቁ እንዳለ አልጸደቀም፤ ጊዜያዊው ጭማሪም ሊያበቃ ሲል በአጭር በአጭሩ እየተራዘመ፣ ሠራተኛው የቤት ኪራዩን በስጋት ይከፍል ነበር። ብዙዎች ሥራውን ጥለው ወደ ክፍላተ ግዛት ቅጥር የሄዱት በከንቱ አይደለም። ካሊፎርኒያ እሳት ላይ ላለ ሠራተኛዋ ሃያ አራቱንም ሰዓት ታስብለታለች።

በመጨረሻ፣ በማርች 2025 በወጣው የበጀት ሕግ፣ ዋናው ደመወዝ በቋሚነት ከፍ አለ፤ የውሎ አበልም አብሮት መጣ። እሳት ላይ ለሚውል ሰው በየቀኑ የአራት ሰዓት ተኩል ደመወዝ ይጨመርለታል። በሰዓት 20 ዶላር የሚያገኝ በቀን 90 ዶላር ያገኛል ማለት ነው፤ በዓመት ጣሪያው 9,000 ዶላር ነው። ሆን ተብሎ የሚለኮሰው እሳትም ተካቷል። ለእኔ የዚህ ሕግ ትልቁ ነገር ሌሊቷን ጨምሮ ቀኑን እንደ ቀን መቁጠሩ ነው። ጉድለቱም እዚያው አለ፦ አበሉ ለጡረታ አይታሰብም፤ ሳንባው የተጎዳ ሰው ደግሞ በእርጅናው የሚኖረው በጡረታው ነው። ሌላም አንቀጽ አለ፣ እኔ የማልቀበለው። ቡድኑ ፈጥኖ ደርሶ እሳቱን በ36 ሰዓት ውስጥ ከገታው፣ የውሎ አበሉ አይከፈልም።