በጭላዳ ላይ የሚታየው እብጠት ከየት ይመጣል?

ጭላዳ ዝንጀሮ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ብቻ የሚገኝ፣ ዋና ምግቡም ሣር የኾነ ብርቅዬ እንስሳ ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እና በመንዝ ጓሳ ከሚኖሩት ጭላዳዎች መካከል በሰውነታቸው ላይ ውኃ የቋጠረ ትልቅ እብጠት ተሸክመው የሚታዩ አሉ። የእብጠቱ መንስኤ ቴኒያ ሴሪያሊስ የተባለ የኮሶ ትል እጭ ነው።

እንዴት ይተላለፋል?

ያደገው ትል የሚኖረው በጭላዳ ሳይኾን በውሻ እና በዱር በሚኖሩ የውሻ ዘመዶች አንጀት ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከዐይነ ምድር ጋር ወጥቶ በግጦሽ ሣር ላይ ይቀራል። ጭላዳው ሣሩን ሲበላ እንቁላሉን አብሮ ይውጣል። እጩም በደም ሥር ተጉዞ በጡንቻ ውስጥ ወይም ከቆዳ ሥር ከረጢት ይሠራል። ውሻ የሞተውን ጭላዳ ሥጋ ሲበላ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል።

በጓሳ የተደረገ ጥናት እብጠት ያለባቸው ጭላዳዎች ቶሎ እንደሚሞቱ፣ የታመሙ እናቶች ግልገሎችም የማደግ ዕድላቸው አነስተኛ እንደኾነ አሳይቷል።

ለሰው ያለው ስጋት

በሽታው ከጭላዳው እብጠት በቀጥታ ወደ ሰው አይተላለፍም። ስጋቱ በውሻ ዐይነ ምድር የተበከለ አፈር፣ ውኃ እና ያልታጠበ አትክልት ነው። እንቁላሉ በአፍ ከገባ እጩ ከቆዳ ሥር፣ በዐይን ወይም በአንጎል ሊቀመጥ ይችላል፤ ይህ የሚያጋጥመው ግን ከስንት አንዴ ነው። የደጋ አርሶ አደሮች በበጎቻቸው ላይ የሚያውቁት አዙሪትም ከውሻ በሚመጣ የዚሁ ትል የቅርብ ዘመድ የሚከሰት ነው።

ወደ ማሳ የሚገቡ ዝንጀሮዎች እና ጦጣዎች በአንጀታቸው ሌሎች ትሎችን ይይዛሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በተበከለ ምግብ፣ አንዳንዶቹም በባዶ እግር ቆዳ በኩል ወደ ሰው ሊገቡ ይችላሉ።

ምን ማድረግ ይገባል?

• በእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክር ለውሾች የትል መድኃኒት በየጊዜው መስጠት፤
• የታረደ በግ ጭንቅላትን እና የሞተ እንስሳን ለውሻ አለመተው፣ በጥልቀት መቅበር ወይም ማቃጠል፤
• ከእርሻ ሥራ በኋላ እና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ አትክልትን በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ የምንጭ እና የወንዝ ውኃን አፍልቶ መጠጣት፤
• በማሳ ውስጥ ጫማ ማድረግ፤
• ዝንጀሮን በእጅ አለመመገብ፣ የሞተውንም በባዶ እጅ አለመንካት።

እብጠት ያለበትን ጭላዳ መግደል በሽታውን አያስቀርም። ሜዳ ላይ የወደቀ ሬሳ ለውሻ ምግብ፣ ለትሉም መሸጋገሪያ ይኾናል። ዑደቱ የሚቆረጠው ውሻን በማከም እና የሞተ እንስሳን በመቅበር ነው።